የትንሿ ሽቶ

ሻጯ በሁለት ቀጫጭን ወረቀቶች ላይ ሽቶ ፊጭ ፊጭ አድርጋ ሰጠችኝና "የቱ ተሻለሽ?" አለችኝ። ምረጪልኝ ብዬ የመጣሁት እኔ፣ ጠያቂዋ እሷ ሆና ቁጭ።

አንዱን አሸተትኩ። ነጭ አበባ ነው፤ ጠዋት ገና ሲፈካ ያለው ዓይነት፣ ከሥሩ የሎሚ ልጣጭ የመሰለ ነገር አለው። ሌላውን አሸተትኩ። እሱ ደግሞ ጽጌረዳ ነው፤ አጠገቡ የበሰለ ኮክ የተቆረሰ ይመስላል። ሁለቱም ጣፋጭ፣ ሁለቱም አሁን ከአትክልት ቦታ የተቀጠፉ የሚመስሉ። ደጋግሜ ባሸተትኳቸው ቁጥር ይባስ ተምታቱብኝ።

"ለማን ነው?"

"ለእናቴ።"

"እንደሱ ከሆነ ሮዙን ውሰጂ። ነጩ የወጣት ነው፤ ለትልቅ ሰው አይሆንም።"

ሳቄ መጣ። እናቴ ይህን ብትሰማ ልጅቷን አትምራትም ነበር። እናቴ ነጭ ሽቶ ስትሰርቅ የኖረች ሴት ናት፤ ያውም ከገዛ እህቷ፣ ያውም ዐይኗን በጨው አጥባ። ወረቀቶቹን እንደያዝኩ ሐሳቤ ጭልጥ ብሎ ወደ አያቴ ሱቅ ሄደ፤ ወደዚያ ትልቅ ጠረጴዛ ሥር።

አያቴ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ኮትም ሱሪም ይሰፋሉ፤ ስማቸው የወጣው ግን በቬሎ ነው። በሰፈራችን ያገባች ሴት ሁሉ እሳቸው ሳጥን ላይ ቆማ ተለክታለች። ሱቁ ከመኖሪያ ቤታቸው ፊት ያለችው ክፍል ናት፤ አንዱ በር ወደ መንገድ፣ ሌላው በር ወደ ጓዳ ይወስዳል። የስፌት መኪናው በመንገዱ በር በኩል ነው፤ መሀል ላይ ጨርቅ የሚቆረጥበት ጠረጴዛ አለ። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ከሥራ ወጥታ እስክትወስደኝ ድረስ መኖሪያዬ ጠረጴዛው ሥር ነበር። ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ የወዳደቀ ቁልፍ፣ የጠመኔ ስባሪ፣ ሁሉም የኔ ንብረት ነው።

ሥራም ነበረኝ። መርፌ ውስጥ ክር አስገባለሁ። አያቴ "መርፌዬ" ብለው ይጠሩኛል፤ እኔም ከጠረጴዛው ሥር ብቅ እላለሁ፤ ክሩን በምራቄ አሹዬ ሹክክ አደርገዋለሁ። "እንዳንቺ ያለ ጣት የለም፤ የኔ ጣት ወፍሯል" ይሉኛል። ይሄ የልብ ልብ ሰጥቶኝ ክፍል ውስጥ ሁሉ ሙያ እንዳለኝ አወራ ነበር። የአያቴ ጣት የወፈረ ቀርቶ እንጨት እንጨት የሚያክል ቀጭን እንደነበር ልብ ያልኩት ካደግኩ በኋላ ነው።

ሁለት ሴት ልጆች ነው ያሏቸው፣ እናቴና አክስቴ። እሳቸው ትልቋና ትንሿ ይሏቸዋል። አያቴ ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ በመቀስና በመርፌ ያሳደጓቸው ናቸው። ትልቋ እናቴ የጥርስ ሐኪም ቤት ካርድ ክፍል ትሠራለች፤ ትንሿ አክስቴ ሆቴል ውስጥ ስልክ ታገናኛለች። በቁመትም በድምፅም አንድ ናቸው። የአክስቴ እጮኛ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ አንድ ቀን ከመንገድ ደውሎ "የኔ ማር፣ አንቺ ከሌለሽ መሪው ራሱ አይታዘዘኝም" እያለ ሲያንቆረቁር፣ ስልኩን ያነሳችው እናቴ ናት። እናቴ አንዲት ቃል ሳታቋርጠው ሁሉንም ሰምታ ስትጨርስ "እህቴ የለችም፤ እነግርልሃለሁ" አለችው። ከዚያ በኋላ ሹፌሩ በደወለ ቁጥር መጀመሪያ "ማን ልበል?" ሆነ ሥራው።

ሁለቱን የሽቶ ጠርሙስ ያመጣው እሱ ነው። ከወደብ ሲመለስ አንዱን መምረጥ አቅቶት ሁለቱንም ይዞ መጣ። "የወደድሽውን አንቺ፣ የተረፈውን እህትሽ" አላት። ነጭ ክዳን ያለውና ሮዝ ክዳን ያለው። ከዚያማ ሱቃችን ውስጥ ሌላ ወሬ ጠፋ።

አክስቴ ነጩን ቀኝ አንጓዋ ላይ፣ ሮዙን ግራ አንጓዋ ላይ ትነፋና እንዳይቀላቀሉባት እጆቿን ዘርግታ ትንቀሳቀሳለች። በር የምትከፍተው በክርኗ ነው። ሆቴል ውስጥ አንዱን ስልክ በቀኝ፣ ቀጣዩን በግራ እያነሳች ታሸታለች፤ ስንቱን ደንበኛ ከማያውቀው ሰው ጋር እንዳገናኘችው እሷ ታውቃለች።

"እትዬ፣ እስቲ ይቺን አሽቺ።"

"አሽትቻታለሁ እኮ።"

"እንደገና አሽቺ። አሁን ረግታለች።"

እናቴ የእህቷን አንጓ ይዛ ታሸታለች። ሮዙ ላይ ቶሎ ቀና ትላለች፤ ነጩ ላይ ግን ዐይኗ ክድን ይልና አትመለስም። ከዚያ ቀና ብላ "ለእኔ ሁሉም አንድ ነው፤ አንቺ የምትተዪውን እወስዳለሁ" ትላለች። እኔም እናቴ ሽቶ የማትለይ ሰው ናት ብዬ አዘንኩላት። ታላቅ መሆን ማለት ይሄ እንደሆነ፣ የሚያምርሽን ነገር እያሸተትሽ "ለእኔ ሁሉም አንድ ነው" ማለት እንደሆነ ገና አልገባኝም ነበር።

በመጨረሻ አያቴ ከስፌት መኪናው ቀና አሉ። "ምረጡና ገላግሉን። ትንሿ አንዱን፣ ትልቋ አንዱን። አንዴ ከመረጣችሁ በኋላ ግን መቀላቀል የለም። የትንሿ የትንሿ፣ የትልቋ የትልቋ። በየቀኑ ተቀብታችሁ እንድትመጡ።"

"አባዬ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሽቶ ውስጥ የገቡት?" አለች አክስቴ።

"አፍንጫ የለኝም እንዴ?"

አክስቴ ነጩን መረጠች። እናቴም ሮዙን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። አያቴ እህትማማቾቹ በሽቶ እንዳይጣሉ ያስማሟቸው መስሎኝ "አባባ ዳኛ ናቸው" አልኩ በሆዴ።

ዳኝነት አልነበረም። አያቴ ከዚያ በፊት ለማንም ሳይናገሩ ለብቻቸው ዐይን ሐኪም ጋ ሄደው ነበር። ዐይናቸው ውስጥ ጉም ነው የገባባቸው፤ ሐኪሙም ጉሙ እየወፈረ እንጂ እየሳሳ እንደማይሄድ አልደበቃቸውም። በሩ ላይ የቆመ ሰው ለእሳቸው ጥላ ነው፤ በድምፅ እንዳይለዩ ደግሞ የልጆቻቸው ድምፅ አንድ ነው። ልጆቹ ቢያውቁ በዚያው ቀን መቀሱን ከእጃቸው ይቀሟቸዋል። እሳቸው ደግሞ የትንሿን ቬሎ ሳይጨርሱ መቀስ ማስቀመጥ አልፈለጉም። በአፍንጫ መለየት ያሰቡት ለዚህ ነው። ቬሎው ጉዳያቸው የነበረበት ሌላም ምክንያት ነበረ።

እናቴ ቬሎ አልለበሰችም። ቤታችን ግድግዳ ላይ የሠርጓ ፎቶ አለ፤ አባቴ ጠባብ ኮት፣ እሷ ሰማያዊ ጉርድ ለብሰው የጽሕፈት ቤት ደረጃ ላይ ቆመዋል። እኔ ሰማያዊ ስለምትወድ ነው እል ነበር። ነገሩ ወዲህ ነው። እናቴ አባቴን ልታገባ ስትል አያቴ እሺም እምቢም ሳይሏት ዝም አሏት፤ ዝምታቸው ሲረዝምባት ሳትነግራቸው ሄዳ ተፈራረመች። የሰውን ልጅ ሁሉ ቬሎ እየሰፋ ሲድር የኖረ ሰው የራሱን የበኩር ልጅ ሳይሰፋላት ቀረ። እኔ ስወለድ ታረቁ፤ ማለት አብረው መብላት ጀመሩ እንጂ ስለዚያች ቀን አንድም ቃል ተነጋግረው አያውቁም። እናቴም አባቷ ይቅር ይበሏት አይበሏት ሳታውቅ፣ ለመጠየቅም ሳትደፍር፣ በየቀኑ በዚያ ሱቅ ትወጣ ትገባ ነበር።

ስለ እናቴ አንድ ነገር ልጨምር። ግራ ትከሻዋ ከቀኙ ዝቅ ይላል። ልጅ ሆና ከዚያው ጠረጴዛ ላይ ወድቃ ነው፤ አጥንቷ ሲገጥም ተንጋዶ ቀረ። አያቴ የትምህርት ቤት ልብሷን ጀምሮ በሰፉላት ልብስ ሁሉ ግራ ትከሻው ውስጥ ስስ ስፖንጅ ከተው፣ ማንም ሳያውቅባት ነው ያሳደጓት። እኔማ ቦርሳዋ ከብዷት ይመስለኝ ነበር።

ሽቶውን ከተካፈሉ በኋላ እናቴ አዲስ ልማድ አወጣች። ከሥራ ስትመጣ በመንገዱ በር መግባት ትታ በጓዳ በኩል ትገባለች፤ "ጸጉሬን ላበጥር" ብላ አክስቴ ክፍል ትገባና ነጩን ነጩን እየሸተተች ትወጣለች። አንድ ቀን ፊጭ ስታደርግ ያዝኳት። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ጠቀሰችኝ። እኔም የምስጢር ተካፋይ በመሆኔ ኮራሁ።

ቬሎው ልክ የሚታይበት ቀን ደረሰ። ጨርቁ በስፌት ክር ልል ልል ብሎ ተያይዟል፤ አክስቴ ለብሳው ሳጥኑ ላይ ትቆማለች፣ አያቴ በስፒል ያስተካክላሉ፣ ከዚያ ይሰፋል። አክስቴ ግን ዘገየች፤ ሥራ ላይ የምትተካት ተረኛ ቀርታባት ነው። አያቴ ስፒሎቹን በከንፈራቸው ይዘው ሱቁ ውስጥ ይንጎራደዳሉ። ያኔ የጓዳው በር ተከፈተና እናቴ ገባች። ነጩ ሽቶ ከእሷ ቀድሞ ገባ።

አያቴ ዞር አሉ። "ትንሿ፣ ምነው ቆየሽ? በይ ኮትሽን አውልቂና ሳጥኑ ላይ ውጪ።"

እናቴ አፏን ከፈተች። አያቴን አየች፤ አያቴ ፊቷን ፊት ለፊት እያዩ ነው ትንሿ ያሏት። ከጠረጴዛው ሥር "አባባ፣ እማዬ እኮ ናት" ልል ስል እናቴ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ገባኝ፤ ጨዋታ ነው። ምላሴን ነክሼ ዝም አልኩ።

ሳጥኑ ላይ ወጣች። አያቴ ቬሎውን አለበሷት። ጀርባዋን ሰጥታኝ ነው የቆመችው፤ ነጩ ጨርቅ ከአንገቷ እስከ መሬት ወርዶ እናቴ ሌላ ሰው መሰለች። አያቴ በሁለት እጃቸው ወገቧን ጨበጥ አደረጉ፣ ጀርባዋን ዳሰሱ፣ ወደ ትከሻዋ ወጡ። ግራ ትከሻዋ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። እዚያው ብዙ ቆየ። ስፒል የጠፋባቸው መስሎኝ መሬቱን ፈለግኩላቸው።

ከዚያ ስፒሎቹን ከአፋቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና መናገር ጀመሩ። አያቴ ሲሰፉ አያወሩም፤ ገረመኝ።

"ትንሿ፣ ለአንቺ እየሰፋሁ ነው። ለእህትሽ አልሰፋሁላትም።"

እጃቸው ከትከሻዋ አልተነሳም።

"ባሏን ጠልቼ አይደለም። ጨዋ ልጅ ነው፤ ያኔም አውቃለሁ። ልጄን የሚወስድብኝ ሰው መጣ ብዬ ነው አፌን የቆለፍኩት። እሷ መልስ ስትጠብቅ እኔ ዝም አልኩ። ስትሄድ ደግሞ ሳትነግረኝ ሄደች ብዬ ተቀየምኩ። ምን ብላ ትንገረኝ? በሩን የዘጋሁት እኔ።"

የእናቴ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቋን መያዝ አቅቷት ነው ብዬ እኔም ሳቄ መጣብኝ፤ ቁርጥራጭ ጨርቅ አፌ ውስጥ ጎሰጎስኩ።

"አትነቃነቂ፣ ስፒል ይወጋሻል" አሉ አያቴ ቀስ ብለው፤ ስፒሎቹ ግን ጠረጴዛው ላይ ናቸው። "ጨርቁን ገዝቼላት ነበር። ሳትነግረኝ ከመሄዷ በፊት ገዝቼ አስቀምጬው ነበር። ይሄው የለበሽው እሱ ነው። የእሷ ነበር። እህትሽን አንድም ቀን አልተቀየምኳትም፤ የተቀየምኩት ራሴን ነው። ይሄን ለእሷ መንገር አቃተኝ። ለአንቺ ነገርኩሽ።"

እጃቸውን ከትከሻዋ አንስተው ራሷ ላይ ጫኑ። "ቤትሽ ሳቅ አይጣ። የወለድሽው ይባረክልሽ። እኔ አባትሽ መርቄሻለሁ።" ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው ስፒሎቹን አነሱና አንድ በአንድ መሰካት ጀመሩ።

እናቴ ስትወርድ ፊቷን በኮቷ እጅጌ ጠራረገች፤ እኔ ሳቋን የምትጠርግ መስሎኝ ነበር። እጄን ይዛ በጓዳ በር ወጣን። መንገድ ላይ እጄን አጥብቃ ያዘችው፣ እስኪያመኝ።

"አባባን ሸወድናቸው፣ አይደል?" አልኳት።

"ሸወድናቸው" አለች። "ለማንም እንዳትነግሪ።"

አልተናገርኩም። ቬሎው አልቆ አክስቴ ስትለብሰው እንከን አልነበረውም። ከሠርጉ ማግስት አያቴ ልጆቻቸውን ጠርተው ስለ ዐይናቸው ነገሯቸው፤ መቀሱንም ራሳቸው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ከቤት ሲወጡ እናቴን ይዘው ነበር የሚሄዱት። ግራ ትከሻዋን። ስለዚያች ቀን እሷም አላነሳችም፣ እሳቸውም አላነሱም፤ እንደዚያው እንዳሉ ሞቱ።

ሁለቱንም ሽቶ አስጠቀለልኩና እናቴ ቤት ሄድኩ። አክስቴም እዚያው ነበረች፤ ሁለት አሮጊት ሶፋ ላይ ተደጋግፈው ቴሌቪዥኑን ይሳደባሉ። ጠርሙሶቹን ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጥ አክስቴ ነጩን አፈፍ አደረገች።

"እኔማ ዛሬም እሱን ነው። ለአንቺ ደግሞ ሁሉም አንድ ነው አይደል፣ እትዬ?"

"አዎ፣ ሁሉም አንድ ነው" አለች እናቴ።

እኔ ሳቅሁ። "እማዬ፣ አባባን በአክስቴ ሽቶ የሸወድናቸው ቀን ትዝ ይልሻል? ቬሎውን ለብሰሽ?"

ቀልድ መስሎኝ ነበር። የእናቴ ፊት ግን ልውጥ አለ። አክስቴ "የምን መሸወድ?" አለች። እናቴ ቴሌቪዥኑን አጠፋችና እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ነገረቻት፤ ሳጥኑን፣ ጨርቁን፣ አያቴ ያሏትን፣ ምርቃቱን። እኔም ከጠረጴዛው ሥር ያየሁት ጨዋታ ምን እንደነበር የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። አንጀቴን በላችው።

"ሽቶሽን ብቻ አይደለም የሰረቅኩሽ" አለች። "ምርቃትሽንም ሰርቄሻለሁ። አንቺ ነሽ ብለው መርቀውኝ፣ እኔ አይደለሁም ማለት አቃተኝ። እኔን ቢያውቁኝማ አይናገሩም ነበር። ይሄን ያህል ዘመን ያንቺን ይዤ ነው የኖርኩት።"

አክስቴ ግራ ተጋብታ አየቻት። "ተረኛዋ የቀረችብኝ ቀን? ልክ ያሳየሁ ቀን?"

"አዎ።"

"እትዬ፣ እኔ እኮ ያን ቀን እየሮጥኩ ስገባ ስፒል ሲነቅሉ ነው ያገኘኋቸው። ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ? 'ትልቋ ቆማልኝ ነበር። በእሷ ልክ ነው የሰካሁት፤ ነይ አንቺ ደግሞ ቁሚልኝ' አሉኝ። የግራውን ትከሻ ፈትተው እንደገና ነው ለእኔ የሠሩት። ባይሆን ኖሮ እኔ ያን ቬሎ ተንጋድጄ አልለብሰውም ነበር?"

እናቴ ግራ ትከሻዋን በእጇ ያዘች።

"ሽቶዬንም እንደምትሰርቂኝ ከዚያ ቀን ወዲህ ያውቁ ነበር" አለች አክስቴ። "'እህትሽ ዛሬም ጠርሙስሽን ጎበኘችው' ይሉኝ ነበር። እኔንም መርቀውኛል፣ አታስቢ፤ የሠርጌ ቀን ጠዋት፣ በደንብ አድርገው። ያኛው ያንቺ ነው።"

አያቴ በሽቶው የተሸወዱት ከበሩ እስከ ሳጥኑ ድረስ ብቻ ነው። ያን ትከሻ ከልጅነቷ ጀምሮ ስፖንጅ ሲከቱበት የኖሩ ሰው ናቸው፤ እጃቸው እንዴት ይሳሳታል? ለትልቋ መናገር ያቃታቸውን፣ ትንሿ ብለው ለትልቋ ተናገሩት።

እናቴ ተነስታ ወደ መስኮቱ ሄደች። ጀርባዋን ሰጥታን ቆመች፤ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በልጅነቴ ከኋላዋ ሆኜ ነው የተሳሳትኩት። አሁን ተነሳሁ፣ ዞሬ ፊቷን አየሁት።

እየሳቀች ነበር። እንባዋ አገጯ ድረስ ወርዷል፣ ግን እየሳቀች ነበር። "'አትነቃነቂ፣ ስፒል ይወጋሻል' አሉኝ እኮ" አለች። "ስፒል ሳይዙ።"

ቆይታ ፊቷን ጠራረገችና ሶፋው ላይ ተመለሰች። አክስቴ ነጩን ጠርሙስ ወደ እሷ ገፋ አደረገችላት። "በይ ውሰጂው፤ ከእንግዲህ ምን ትሰርቂኛለሽ?"

እናቴ ጠርሙሱን መልሳ ወደ እህቷ ገፋችው። ግራ እጇን ዘረጋችልኝና "የእኔን አምጪልኝ" አለች፤ "ሮዙን።"